እንኳን አብሮ አደረሰን

  

ልጄ፣ ባለፈው በስልክ ስናወራ አንድ ነገር አልሽኝ። አንቺ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገርሽው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እሱኑ ሳወጣና ሳወርድ አመሸሁ። ዕለቱ ዒድ ነበር። «ሥራ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልኩ» አልሽኝ። በርሽ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቶችሽ ሙስሊሞች መሆናቸውን ከዚህ በፊት አጫውተሽኛል። «ታዲያ ሄደሽ እንኳን አደረሳችሁ አልሻቸው?» ብዬ ጠየቅሁሽ። «በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጽፌያለሁ። ደግሞ ጾም ነው፤ ሄጄስ ምን እበላለሁ?» አልሽኝ።

አልተቆጣሁሽም፤ አሁንም አልቆጣሽም። ክፉ አስበሽ እንዳልቀረሽ አውቃለሁ። ሥራው ያደክማል፤ የአዲስ አበባ ኑሮ ሩጫ ነው። ግን በሁለቱ በሮች መካከል ያለው መንገድ አምስት እርምጃ አይሞላም። አምስት እርምጃ መሄድ ዛሬ ቀረ፣ ነገም ቀረ፣ ከዚያ ልማድ ይሆናል። ልማድ ከሆነ በኋላ ደግሞ መሄዱ ራሱ ያሳፍራል። «ሦስት ዓመት ሙሉ የት ነበረች?» የሚሉሽ ይመስልሻል። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። እስኪ ረጋ ብለሽ አድምጪኝ።

አንድ ሰው «እንኳን አደረሰሽ» ሲልሽ ምን ብለሽ ትመልሻለሽ? «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትያለሽ። አፍ ከፈታሽበት ጊዜ ጀምሮ ስትይው የኖርሽው ነው። «አብሮ» የምትለዋን ቃል ግን ልብ በያት። በዓሉ የአንዱ ሊሆን ይችላል። መድረሱ የሁለታችሁ ነው። ጎረቤትሽ በጤና ለዚያ ቀን መብቃቷ ለአንቺም ደስታ ነው ማለት ነው። ይህን በስልክ ጽፎ መላክ ይቻላል፤ ከምንም ይሻላል። በሩን አንኳኩተሽ፣ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ ስትባባሉት ግን ሌላ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ጥፋቴን ለእህቶችሽም ነግሬያቸው አላውቅም። ለአንቺ ልንገርሽ።

በ1968 አባትሽን አግብቼ ደሴ ስገባ ገና ልጅ ነበርኩ። ያደግሁበት አገር ሁሉም ክርስቲያን ነው። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቼ አላውቅም። ደሴ ስመጣ በስተቀኝ ያሉት ሙስሊም፣ ከፊታችን ያሉት ሙስሊም፣ ከበላያችን ያሉት ክርስቲያን ሆኑ። በስተቀኝ ያሉትን ሴትዮ «እትዬ» እላቸው ነበር። ቡና ባፈሉ ቁጥር ያስጠሩኛል። አገሩ እንግዳ ሆኖብኝ ሳለቅስ «አብሽሪ ልጄ» ይሉኛል።

የመጀመሪያዬ ፋሲካ ደረሰ። ሙስሊም የእኛን ሥጋ እንደማይበላ፣ እኛም የእነሱን እንደማንበላ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዶሮዬን ከሠራሁ በኋላ ድስቱን አጠብኩና ለእትዬ ብዬ ምስር ወጥ ሠራሁበት። ከድፎ ዳቦ ጋር ይዤላቸው ሄድኩ። ክዳኑን ከፈት አድርገው አዩት። ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ድስቷ የቅድሟ ናት?» አሉኝ። «አዎ እትዬ፤ ግን በደንብ አጥቤያታለሁ» አልኩ። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ድስቱን ግን በቀስታ መለሱልኝና «ይህንን ለቤትሽ እንግዳ አድርጊው፤ ለእኛ ዳቦው ይበቃናል፤ አላህ ይስጥልን» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። የናቁኝ መሰለኝ። እጄን የተጸየፉት መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቡና ሲያስጠሩኝ ራሴን አመመኝ እያልኩ ቀረሁ።

በሳምንቱ እሳቸው መጡ። ከገበያ መመለሳቸው ነው። በነጠላቸው ሥር አንዲት ትንሽ ብረት ድስት ይዘዋል፤ አዲስ ናት። ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር አስረውባታል። «ይቺ የእኛ ናት። አንቺ ቤት ትቀመጥ። ለበዓል በእሷ ሥሪልን» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ስለ ባለፈው አንድ ቃል አላነሱም። ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ከእኔ የራቁ መስሎኝ ሳዝን፣ እሳቸው ከእኔ ቤት የሚበሉበትን መንገድ ሲፈልጉ ሰንብተዋል። እኔም በፈንታዬ ቅቤና ሥጋ የማይነካት ድስት ገዝቼ እሳቸው ቤት አስቀመጥኩ። ዒዱ በጾማችን ሲውል በእሷ ሽሮ ይሠሩልን ነበር። አንቺም ከዚያች ድስት በልተሻል፤ ምናልባት አታስታውሺው ይሆናል።

ልጄ፣ ዛሬ ዛሬ «ተዋደን ለመኖር ልዩነታችንን መርሳት አለብን» የሚል ሰው እሰማለሁ። ንግግሩ ደስ ይላል። እኔ ግን በወሎ ያየሁት እንዲህ አይደለም። ወሎ ላይ ክርስቲያን ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻው ሰንጋ ወይም በግ ይሰጣል። ሙስሊሙ ራሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል፣ ሙስሊም ሴቶች በራሳቸው ዕቃ ያበስላሉ። ሙስሊም ሲደግስም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ሠርግ። ለቅሶም ላይ እንዲሁ ነው። ሰው ልዩነቱን ስለረሳ አይደለም አብሮ የኖረው። የጎረቤቱን ልክ ጠንቅቆ ስላወቀ ነው። የማያውቅ ሰው ነው ወይ የሚርቅ፣ ወይ እንደ እኔ ሳያውቅ የሚያስቀይም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕወቂ። ለማወቅ ደግሞ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መገመት ነው የሚከፋው።

ቀኑን ዕወቂ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ይገኛሉ። የሙስሊሞቹ በጨረቃ ነው። ዓመታቸው ከእኛ 11 ቀን ያህል ያጥራል። ስለዚህ ዒዱ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ አንዴ በክረምት፣ አንዴ በበጋ ታገኚዋለሽ። «ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?» ሲባል ሰምተሽ «የራሳቸውን በዓል እንኳ አያውቁትም» እንዳትዪ። የጨረቃዋ መታየት ነው የሚጠበቀው። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል፤ ቁርጡ የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት ነው። አንቺ የትኛውም ቀን ቢሆን ዝግጁ ሁኚ።

በ2017 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። በ2018ም እንዲሁ። አንቺ 55 ቀን፣ ጎረቤትሽ አንድ ወር፣ በአንድ ኮሪደር ላይ ሁለታችሁም ጦማችሁ ስትተላለፉ ሰነበታችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሲመጣ እንዴት ዝም ብለሽ ታሳልፊዋለሽ? የእሷ ጾም በመግሪብ ይፈታል። ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ቡና ጠጪ ብለሽ አትጥሪያት። ከመሸ ግን ትንሽ ቴምር ይዘሽ አንኳኪ። ትገረማለች። ደስም ይላታል።

«ጾም ነው፤ ሄጄ ምን እበላለሁ?» ላልሽኝ ልመልስልሽ። ለመብላት አይደለም የምትሄጂው። ቢሆንም የሚበላ አይጠፋም። ጠዋት ሶላት ላይ ናቸው፤ ከሶላት መልስ ደግሞ የሥጋ ዘመዶቻቸው ይመጣሉ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂጂ። አንቺም ያን ጊዜ ጾምሽን ትፈቺያለሽ። የምስር ሳምቡሳ በዘይት ነው የሚጠበሰው። ቴምር አለ፣ ሻይ አለ። ሥጋ ካቀረቡልሽ «ጾም ላይ ነኝ፤ ሥጋም ቢሆን የምንበላው በሥርዓታችን የታረደውን ነው» ብለሽ በፈገግታ ተናገሪ። አፍንጫሽን አትንፊ፣ ሳህኑን ገፋ አታድርጊ። እነሱም ያውቁታል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ቀድመው አስበውልሽ ታገኛለሽ።

ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ትልቅ ነገር አያስፈልግም። ስኳር፣ ቡና፣ ሙዝና ብርቱካን ለማንም ይሆናል። ድፎ ዳቦ ያኮራል፤ ግን በንጹሕ ዕቃ የተጋገረ ይሁን። ጠላና ጠጅ ለሙስሊም አይሆንም፤ ማር ካለሽ ያልፈላ ብርዝ በጥብጭ። ጠበቅ ያለ ስጦታ ካማረሽ ደግሞ ዶሮዋን ከነነፍሷ ስጪ። ራሳቸው ባርከው ያርዷታል። እትዬና እኔ ስንት ዶሮ እንዲህ ተሰጣጥተናል!

ብሎኩ ውስጥ ያሉት ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ብቻ አይደሉም። ከላይሽ ያሉት ፕሮቴስታንት መሆናቸውን ነግረሽኛል። እነሱ የእኛን ጾም አይጾሙም፣ መጠጥም ላይቀምሱ ይችላሉ። ጠይቂ። የሲዳማዋ ባልደረባሽ ደግሞ ፊቼ ጫምባላላ አላት፤ ዘመን መለወጫቸው ነው። ቀኑን ከዋክብት የሚያዩ አዋቂዎች ናቸው ቆጥረው የሚናገሩት። ዩኔስኮ በ2008 መዝግቦላቸዋል። «አይዴ ጫምባላላ» በያት። ከቆጮ በቅቤ የሚሠራ ቡርሳሜ ብታመጣልሽና ጾም ላይ ከሆንሽ፣ እንደማትበዪ ንገሪያትና ለትንሹ ልጅሽ አስቀምጪለት። ወላይታ ሲያጋጥምሽ በመስከረም «ዮዮ ጊፋታ» በዪ። ኦሮሞ ጎረቤትሽ ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ ይላል። ቅዳሜ በፊንፊኔ፣ እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ለምለም ሳርና አበባ ይዘው ወደ ውኃው ይወርዳሉ፤ ክረምቱን ላሳለፈ አምላክ ምስጋና ነው። መንገዱ ተዘጋ ብለሽ አታማርሪ። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ መንገድ የሚለቅልሽ እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስታውስሽ። ለአንቺ የዒድ ቀን ሥራ ዝግ መሆኑ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ይመስልሻል። አይደለም። በንጉሡ ጊዜ የሙስሊም በዓል በመንግሥት ዘንድ በዓል አልነበረም። እትዬ ሲያጫውቱኝ ትልቁ ልጃቸው በአረፋ ቀን ፈተና ነበረበት። አዲስ ልብሱን ሳይለብስ፣ ሶላት ሳይሰግድ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ማታ ሲመለስ በግ ታርዷል፣ ዘመድ መጥቶ ሄዷል። «ያን ቀን የተበላልን ሥጋ የለም» ይሉኝ ነበር። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓላችን ይታወቅልን የሚል ነበር። በሰልፉ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። እንግዲህ አንቺ ያን ቀን ቤት የዋልሽው ሰዎች ጠይቀው፣ ሌሎችም ደግፈዋቸው ነው። ይህን ስታውቂ ቀኑን ተኝተሽ የምታሳልፊው አይመስለኝም።

አሁን ስለ ልጅሽ። ትንሹ አንድ ቀን ይጠይቅሻል። «እማዬ፣ እነሱ ለምን የእኛን ሥጋ አይበሉም?» ይልሻል። መልስሽን ከወዲሁ አስቢበት። ልጅ ከእናቱ አፍ የሰማውን አይረሳም። «ይጸየፉናል» ካልሽው አበቃ፤ እስኪሸመግል ይዞት ይሄዳል። እኔ ራሴ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ብዬ አስቤ የለ? «የእነሱ ሥርዓት ነው፤ እኛም የራሳችን አለን፤ እነሱ የእኛን ያከብሩልናል፣ እኛም የእነሱን» በይው። ከዚያ እጁን ይዘሽ አብረሽው ሂጂ። ሳህኑን እሱ ይያዝ። ሂድ ከማለት መውሰድ ይሻላል።

ባልሽንም አደራ በዪልኝ። ቅርጫ ስታዋጡ ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ አልገባም ቢል እንዳይቀየም። ሥርዓቱ ነው፤ ንፍገት አይደለም። ከብሎካችሁ ሥር ያለችው ኮሚናል የጋራ ናት። ለፋሲካ ያረዳችሁበትን ወለል በደንብ እጠቡ። ደሙንና ፈርሱን ለሌላ ሰው አትተዉ። በዓል ያልሆነበት ሰው የእናንተን ቆሻሻ ረግጦ ማለፍ የለበትም። እነሱ ለአረፋ ሲያርዱ ደግሞ ቦታውን ቀድማችሁ ልቀቁላቸው፤ ውኃ ከጠፋ አንድ ጄሪካን አውርዱላቸው። ትንሽ ነገር ናት። ሰው ግን ትንሿን ነገር ነው የሚያስታውሰው። ያቺን አንድ ጄሪካን ውኃ በሚቀጥለው ዓመት ሲያወሯት ትሰሚያለሽ።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምልሽ ፈርቼ ነው። አልደብቅሽም። ዘመኑ ወሬ የሚሮጥበት ነው። «እነ እገሌ እንዲህ አሰቡ፣ እነ እገሌ እንዲህ አደረጉ» ይባላል። ቤትሽ ገብቶ የማያውቅ ሰው ስለ አንቺ የተባለውን ያምናል። ምን ያድርግ? ሌላ የሚያውቀው ነገር የለውም። አንቺም ስለ እሱ እንዲሁ ነሽ። ትንሹን ታቅፎ የሳመው፣ ባልሽ ሲታመም ማታ መኪና ፈልጎ የወጣው ሰው ግን «ተዉ፣ እኔ አውቃታለሁ» ይላል።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ያየሁትን ታውቂያለሽ። ስልክ ተቋርጦ፣ አንቺም እዚያ ሆነሽ ስታለቅሺ ከርመሻል። በእኛ ሰፈር ዱቄት የነበረው ለሌለው አካፈለ። ማን ቤት ስንት ልጅ እንዳለ፣ ማን ጡት እንደምታጠባ፣ የትኛው ሽማግሌ ስኳር እንዳለበት ጠያቂ አላስፈለገም። በየበዓሉ ስንገባና ስንወጣ ቆጥረነዋል። እትዬ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። የእሳቸው ልጅ፣ ያ በአረፋ ቀን የተፈተነው፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በትከሻው ተሸክሞ በጓሮ በር ገባልኝ። «ቀስ ብለሽ ፍጪው» አለኝና ወጣ።

አንቺ ይህን ማድረግ አያቅትሽም። ከልጅነትሽ ሰው ወዳድ ነሽ። የእትዬን ደጅ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ የምታውቂው፤ ፍልስስ ብለሽ ምንጣፋቸው ላይ ስትተኚ ስንቴ ተሸክሜሽ መጥቻለሁ። ያው አንቺ ነሽ። ዒዱ አለፈ ብለሽም አትጨነቂ። ነገ ሂጂና «በቀኑ ሳልመጣ ቀረሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እንኳን አደረሳችሁ» በያቸው። ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ከደጅ አይመለስም። «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ግቢ» ይሉሻል። ግቢ። ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተሽ ውጪ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው፤ ፎቶም አያስፈልገውም።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። የዚያን ቀን እነሱን ጥሪያቸው። ያን ጊዜ የሚያስፈልግሽን ዕቃ ከዚህ ልኬልሻለሁ። ሐሙስ ከደሴ በሚነሳው አውቶቡስ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ይደርስሻል፤ በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ። እትዬ በ1968 ያመጡልኝ ድስት ናት። እስከ ዛሬ የእኛ ሥጋ አልነካትም፣ አንቺም እንዳታስነኪያት። ሥሯ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል እንጂ አትፈስም። ቀዩ ክር አርጅቶ ተበጥሶ ስለነበር ትናንት አዲስ አሰርኩባት።